በአፉላ የበጋ ሙቀት፦ ከፍራፍሬ፣ ከናናና ከአይስክሬም የሚዘጋጅ ቀዝቃዛ መጠጥ

በጎንደርና በዙሪያዋ ሐምሌና ነሐሴ የዝናብ ወራት ናቸው፤ ሰው ጋቢውን ደርቦ ምድጃ ዳር ይቀመጣል። በአፉላ ግን በእነዚሁ ወራት ዝናብ የለም። ቀትር ላይ ሙቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ አፉላ በኢይዝራኤል ሸለቆ ውስጥ ከ100 ሜትር ባነሰ ከፍታ ላይ ናት። ስለዚህ በአገር ቤት የለመዱት የውሃ አጠጣጥ እዚህ አይበቃም።

ዕድሜ ሲገፋ ሌላም ነገር ይጨመራል። ሰውነት ውሃ እየጎደለው ጥም ላይሰማ ይችላል። ለደም ግፊትና ለልብ ከሚሰጡ ኪኒኖች አንዳንዶቹ ሽንት ያበዛሉ። ሌሊት ለሽንት ላለመነሳት ብለው ቀኑን ሙሉ ብዙም ሳይጠጡ የሚውሉ አረጋውያንም አሉ። ሌሎች ደግሞ "ባዶ ውሃ አይወርድልኝም" ይላሉ። ፍራፍሬና ናና ያለበት ቀዝቃዛ ሶዳ፣ ላዩ ላይ ትንሽ አይስክሬም ሲደረግበት፣ እንዲህ ያለውን ሰው ሊያስጠጣ ይችላል። ቁም ነገሩ መጠኑ ላይ ነው። አብዛኛው ውሃና ፍራፍሬ፣ አይስክሬሙ ጥቂት ሲሆን መጠጥ ይባላል፤ ሲገለበጥ ግን የስኳር ሸክም ይሆናል።

መጠጡ ከየት መጣ

ሶዳ ውስጥ አይስክሬም መጨመር በአሜሪካ፣ በፊላደልፊያ ከተማ፣ በ1874 እ.ኤ.አ. ሮበርት ግሪን በሚባል ሶዳ ሻጭ እንደተጀመረ በሰፊው ይነገራል። በእስራኤል ደግሞ ሶዳን ከጣፋጭ ሽሮፕ ጋር ቀላቅሎ መጠጣት የቆየ ልማድ ነው። መጠጡ "ጋዞዝ" ይባላል፤ ቃሉ ከፈረንሳይኛ በቱርክኛ በኩል የመጣ ነው። ጋዞዝ ለብዙ ዓመታት በመንገድ ዳር ኪዮስኮች ሲሸጥ ኖሯል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በሽሮፕ ፋንታ ትኩስ ፍራፍሬና ቅጠል እየተደረገበት እንደገና ተወዳጅ ሆኗል።

ነገሩ ለኢትዮጵያውያንም እንግዳ አይደለም። የአምቦ ውሃ ከመሬት ሲፈልቅ ጀምሮ ጋዝ ያለው ነው። ብርዝ በማርና በውሃ ይሠራል፤ ተልባና ሱፍም ተወቅጠው በውሃ ይጠጣሉ። በአዲስ አበባ ጭማቂ ቤቶች አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ በአንድ ብርጭቆ ተደራርበው "ስፕሪስ" በሚል ስም ይቀርባሉ። ቀዝቃዛው ሶዳ በፍራፍሬም የእነዚህ ዘመድ ነው።

የትኛው ፍራፍሬ፣ የትኛው ቅጠል

በበጋ መጀመሪያ ሐብሐብና ኮክ በገበያው ይበዛሉ። በሐምሌና በነሐሴ ማንጎ፣ ወይንና በዚህ አገር "ሳብረስ" የሚባለው የቁልቋል በለስ ይደርሳሉ። ወደ ሮሽ ሀሻና ሲቃረብ ሮማን ይመጣል። ፍራፍሬው ወቅቱን ጠብቆ የደረሰ ከሆነ ጣፋጭ ስለሚሆን ስኳር መጨመር አያስፈልግም።

ከቅጠሎች መካከል ናና በየሱቁ ይገኛል፤ በረንዳ ላይ በቆርቆሮ ወይም በማሰሮ ተተክሎም በቀላሉ ይበቅላል። ለበሶብላ ቅርብ ዘመድ የሆነው ቅጠል እዚህ "ሬሃን" ወይም "ባዚሊኩም" በሚል ስም ይሸጣል፤ ከኮክ ጋር ይስማማል። የሎሚ ሽታ ያለው ጠጅ ሳር ከማንጎ ጋር ጥሩ ነው። ጤና አዳም ግን ጠንካራ ስለሆነ፣ በቡና እንደሚደረገው፣ ለሽታ ያህል አንድ ትንሽ ቀንበጥ ይበቃዋል። ነፍሰ ጡር ሴት ጤና አዳም ያለበትን መጠጥ መጠጣት የለባትም። ቅጠሉን የቆረጠ ሰውም ፀሐይ ላይ ከመውጣቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲነካው ያቃጥላል።

ዋናው አሠራር፦ ሐብሐብ በናና

ለአንድ ትልቅ ብርጭቆ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

- 150 ግራም ሐብሐብ፣ ፍሬው ወጥቶ በትንንሹ የተቆረጠ (አንድ ኩባያ ሙሉ ያህል)
- ከ5 እስከ 6 የናና ቅጠል
- ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ
- 150 ሚሊ ሊትር በጣም የቀዘቀዘ ያልጣፈጠ ሶዳ
- 50 ግራም የቫኒላ አይስክሬም (አንድ መካከለኛ ጭልፋ)

1. የሐብሐቡን ልጣጭ ከመቁረጥዎ በፊት በውሃ ይጠቡ፤ ቢላዋው ከልጣጩ ላይ ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይዞ ይገባልና። ናናውንም በደንብ ይጠቡ።

2. ብርጭቆውን ለ15 ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያኑሩት። ብርጭቆው ከቀዘቀዘ አይስክሬሙ ቶሎ አይቀልጥም።

3. ከሐብሐቡ ግማሹን በሹካ ጨፍልቀው ብርጭቆው ውስጥ ያድርጉ፤ ግማሹን ቁራጩን እንዳለ ይጨምሩ። በወንፊት ማጥለል አያስፈልግም፤ ሥጋው ለሆድ ይጠቅማል።

4. ናናውን በሁለት መዳፍዎ መካከል አንድ ጊዜ ጠፍ አድርገው ይጨምሩ። እንደ ቅመም አይውቀጡት፤ ከተወቀጠ ይመራል።

5. ሎሚውን ይጨምሩ። ሎሚ ከበዛ አይስክሬሙ ውስጥ ያለው ወተት ይቋጥራል፤ ስለዚህ ግማሽ ማንኪያ ይበቃል።

6. ሶዳውን በብርጭቆው ጎን በቀስታ ያፍሱ። ከላይ ሦስት ጣት ያህል ባዶ ይተዉ።

7. አይስክሬሙን መጨረሻ ላይ በማንኪያ ቀስ አድርገው ያስቀምጡ። ሶዳው አይስክሬም ሲነካ ጋዙ በበረዶው ቅንጣት ዙሪያ አረፋ ይሠራል፤ በወተቱ ውስጥ ያለው ቅባትና ፕሮቲን ደግሞ አረፋውን ያቆየዋል። ባዶ ቦታ የተተወው ለዚህ ነው።

ሁለት ሌሎች ዓይነቶች

ኮክ በበሶብላ፦ አንድ የበሰለ ኮክ ቆራርጠው ግማሹን ይጨፍልቁ። 3 የሬሃን ቅጠል በእጅዎ ቀደው ይጨምሩ፤ ከዚያ ሶዳና አይስክሬም በላይኛው መጠን ይቀጥሉ።

ማንጎ በጠጅ ሳርና በዝንጅብል፦ አንድ ሊትር ውሃ አፍልተው እሳቱን ያጥፉ። የተጠመጠመ ጠጅ ሳርና 3 ቁራጭ ዝንጅብል ጨምረው ለ10 ደቂቃ ይክደኑት። አጥልለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ካስገቡት ለ2 ቀን ያገለግላል። ሲጠጡ ግማሽ ብርጭቆ የቅጠሉን ውሃ፣ ጥቂት ሶዳና 100 ግራም ማንጎ ያዋህዱ። ማንጎ ከሐብሐብ በእጥፍ ያህል ስኳር ስላለው መጠኑ ያነሰ ይሁን። የቅጠሉ ውሃ ያለ ሶዳም ይጠጣል፤ ጋዝ ሆዱን ለሚነፋው ወይም ቃር ለሚያስቸግረው ሰው ይህ ይሻላል።

የሥጋና የወተት ነገር

የቫኒላ አይስክሬም የወተት ነው፤ በማሸጊያው ላይ "ሐላቪ" ተብሎ ይጻፋል። ሥጋ የበላ ሰው ወተት ለመንካት መጠበቅ አለበት፤ የብዙዎች ልማድ 6 ሰዓት ነው። ስለዚህ ዶሮ ወጥ ከተበላ በኋላ ለሚቀርብ መጠጥ "ፓርቬ" የሚል ጽሑፍ ያለበት አይስክሬም ወይም ከፍራፍሬ ብቻ የተሠራ ሶርቤ ይገዛል። የወተቱ ማንኪያም ከሥጋው ማንኪያ የተለየ ይሁን። ለሰንበት የሚያዘጋጁ ሰዎች የቅጠሉን ውሃ አፍልተው፣ ፍራፍሬውን ቆርጠውና ሎሚውን ጨምቀው ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጨርሳሉ።

ወተት ሆዳቸውን የሚያስቸግራቸው ሰዎችም ብዙ ናቸው። በልጅነት ወተት ያለ ችግር ይጠጣ የነበረ ሰው ካደገ በኋላ ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር መፍጨት ሊያቅተው ይችላል። ሆድ መንፋትና ተቅማጥ ካለ ፓርቬ ወይም "ለሎ ላክቶዝ" የሚል አይስክሬም ይመረጣል።

ስኳር ላለበት ሰው

ከላይ በተጠቀሰው መጠን ሲሠራ፣ ሐብሐቡ 11 ግራም ያህል፣ አይስክሬሙ ደግሞ 12 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው፤ በድምሩ ወደ 23 ግራም ይሆናል። አንድ ባለ 330 ሚሊ ሊትር የኮላ ቆርቆሮ ወደ 35 ግራም ስኳር አለው። ነገር ግን አይስክሬሙ 2 ወይም 3 ጭልፋ ከሆነ፣ ወይም በሶዳው ፋንታ ጣፋጭ ለስላሳ ከተደረገ፣ መጠጡ ኮላውን ያህላል ወይም ይብሰዋል።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይህን መጠጥ ከምግብ በኋላ ተጨማሪ አድርጎ ሳይሆን በመክሰስ ፋንታ ይጠጣዋል። አይስክሬሙን በግማሽ መቀነስ፣ ወይም በእርሱ ፋንታ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር የሌለው እርጎ ማድረግም ይቻላል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው መጠኑን ከኩፓት ሆሊም ነርስ ወይም የምግብ ባለሙያ ጋር ይነጋገርበት።

ዕብራይስጥ ማንበብ ለሚቸግረው ሰው የማሸጊያው ቀለም ይረዳል። በእስራኤል ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስኳር፣ ጨው ወይም የሠባ ቅባት የበዛበት የታሸገ ምግብ ክብ ቀይ ምልክት እንዲኖረው ሕግ ያዛል። ሶዳ ሲገዙ ቀይ ምልክት የሌለበትን ይምረጡ። አይስክሬም ላይ ግን ቀይ ምልክቱ ብዙ ጊዜ አለ፤ አንድ ትንሽ ጭልፋ የተባለውም ለዚህ ነው።

ከመድኃኒት ጋር

ግሬፕፍሩት፣ በዕብራይስጥ "ኤሽኮሊት" የሚባለው፣ እንዲሁም ፖሜላ ከአንዳንድ የኮሌስትሮልና የደም ግፊት ኪኒኖች ጋር አይስማሙም፤ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ከመጠን በላይ እንዲበዛ ያደርጋሉ። ኪኒን የሚወስድ ሰው ፋርማሲስቱን ሳይጠይቅ እነዚህን ፍራፍሬዎች መጠጡ ውስጥ አይጨምር።

ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ፖታስየም የበዛበትን ፍራፍሬ፣ ለምሳሌ ሙዝና ሜሎን፣ እንዲቀንሱ ይታዘዛሉ። ሐብሐብም ብዙ ከተበላ ፖታስየሙ ይደመራል። ልቡ የደከመ ወይም ኩላሊቱ በማሽን የሚታጠብ ሰው ደግሞ በቀን የሚጠጣው መጠን በሐኪም የተወሰነ ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለ ሰው አይስክሬሙም ሲቀልጥ ፈሳሽ ስለሚሆን አብሮ ይቆጠራል።

ንጽሕናና አቀማመጥ

የተቆረጠ ሐብሐብ ከ2 ሰዓት በላይ ከማቀዝቀዣ ውጭ አይቆይ፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ተከድኖ ለ3 ቀን ያህል ይቆያል። የቀለጠ አይስክሬም እንደገና አይቀዘቅዝም፤ ይደፋል። በሚቀልጥበት ጊዜ በሽታ አምጪ ተህዋስያን ሊራቡበት ይችላሉ፤ በረዶ መሆኑም አይገድላቸውም። አረጋውያን ደግሞ በምግብ መመረዝ ከወጣቶች የበለጠ ይጎዳሉ። ከገበያ የተገዛ አይስክሬም በወፍራም ፌስታል ተጠቅልሎ በቀጥታ ወደ ቤት ይምጣ፤ አውቶቡስ ለሚጠብቅ ሰው አይስክሬሙ የመጨረሻ ግዢው ይሁን።

መጠጡ የማይበቃበት ጊዜ

ይህ መጠጥ በቀን አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ ቢጠጣ ጥሩ ነው። የውሃን ቦታ ግን አይተካም። ሐኪም ካልከለከለ፣ ጥም ሳይጠብቁ ከጠዋት ጀምሮ በየጊዜው ውሃ መጠጣት ይገባል። የሽንት ቀለም ይመሰክራል፦ እንደ ገለባ ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ ውሃው በቂ ነው፤ እንደ ሻይ ከጠቆረ ሰውነት ውሃ ጎድሎታል። ለሌሊቱ ለሚሰጋ ሰው አብዛኛውን ውሃ ከምሽት በፊት ጠጥቶ መጨረስ ይረዳል።

በሙቀት ቀን አንድ አረጋዊ ቢደናገር፣ ንግግሩ ቢዛባ፣ ቢወድቅ ወይም ቆዳው በጣም ቢግል ቀዝቃዛ መጠጥ አቅርቦ መጠበቅ አይገባም። አእምሮው ለተደናገረ ሰው የሚጠጣ ነገር መስጠት ራሱ ሊያንቀው ይችላል። ወዲያው ወደ 101፣ ማጌን ዳቪድ አዶም፣ ይደወል። አምቡላንሱ እስኪመጣ ሰውየውን ወደ ጥላ ወይም ማዝጋን ወዳለበት ክፍል ማስገባት፣ ልብሱን ማላላት፣ ገላውን በውሃ ማራስና ማራገብ ያስፈልጋል።

ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን በሙቀት ወቅት የበለጠ ይጎዳሉ፤ ውሃ ጠጡ የሚላቸው የለምና። ስለዚህ ይህን መጠጥ የሚያዘጋጅ ሰው ሁለት ብርጭቆ ቢያዘጋጅ መልካም ነው፤ አንዱ ለራሱ፣ አንዱ ለጎረቤቱ። ቡና ብቻውን የሚጠጣ እንደሌለ ሁሉ፣ ቀዝቃዛውም መጠጥ ከሰው ጋር ሲጠጡት ይጣፍጣል።