የከተማ ወጣቶች ጽሕፈት ቤት

የከተማ ወጣቶች ጽሕፈት ቤት በኢትዮጵያ ከተሞች የወጣቶችን ጉዳይ የሚከታተል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ስሙ እንደየክልሉና እንደየዘመኑ ይለያያል፤ በብዙ ቦታ ከስፖርት ወይም ከሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጋር ተጣምሮ ይገኛል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው።

== አገልግሎቶች ==

* '''የወጣት ማዕከል፦''' ብዙውን ጊዜ ቤተ መጻሕፍት፣ የስፖርት ሜዳና የመሰብሰቢያ አዳራሽ አለው።
* '''ማደራጀት፦''' ሥራ ፈላጊዎች በማኅበር ተደራጅተው ብድር እንዲያገኙ ያግዛል።

በ2009 ዓ.ም. በ10 ቢሊዮን ብር የተቋቋመው የወጣቶች ፈንድ ተዘዋዋሪ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ማኅበር ብድሩን ካልመለሰ ተራውን ለሚጠብቀው ሌላ ወጣት የሚደርሰው ገንዘብ ያንሳል።