የኖራው እሳት ያልበላቸው ዛፎች

ግንብ ከመቆሙ በፊት ኖራ ይቃጠላል፤ ኖራ ማቃጠል ደግሞ ብዙ ማገዶ ይፈልጋል። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲቆረቁሩ፣ በአባታቸው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተለመደው የኖራና የድንጋይ ሥራ አብሯቸው ገባ። ቤተ መንግሥቱም፣ ድልድዩም፣ አብያተ ክርስቲያናቱም በኖራ ተያያዙ። በዚያ ላይ የሹሙ፣ የወታደሩ፣ የካህኑና የነጋዴው ምድጃ አለ፤ እንጀራው በየዕለቱ ይጋገራል፣ ጠላው ይጠመቃል። ይህን ሁሉ እሳት የቀለበው በከተማዋ ዙሪያ የነበረው ደን ነው።

ከፋሲል በፊት የነበሩት ነገሥታት እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥማቸው ድንኳን ነቅለው ይነሡ ነበር። ከተማው ከንጉሡ ጋር ይሄዳል፤ በአንድ ስፍራ ብዙ ያልቆየበት ምክንያትም ጦርነትና ወረርሽኝ ብቻ ሳይሆን የእንጨት ማለቅም ነበር። ደንቀዝና አዘዞ የዚያ ጉዞ መቆሚያዎች ናቸው። ጎንደር ግን በድንጋይ ተተከለች፤ ነቅሎ መሄድ ቀረ። ከ200 ዓመት በላይ መናገሻ ሆና ስትቆይ ጫካው ዓመት በዓመት እየራቀ ሄደ፤ የማገዶ ለቀማውም የሴቶችና የአህዮች የሩቅ መንገድ ሆነ።

ታዲያ የተረፈው ዛፍ የት ተረፈ? ዛሬም ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣ መንገደኛ መልሱን በመስኮት ያየዋል። የወገራ ሜዳ ተገላልጦ፣ ገብሱና ስንዴው እስከ ጉብታው አፋፍ ድረስ ታርሶ፣ ከጉብታው ጫፍ ላይ ግን አንድ ጥቁር አረንጓዴ ክምር ይታያል። ሾፌሩም ተሳፋሪውም ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ለማወቅ ጉልላቱን ማየት አያስፈልገውም።

የአገሩ ሰው ይህን ቦታ ዐጸድ ይለዋል። በዐጸዱ ውስጥ ጥድና ወይራ፣ ዝግባና ዋንዛ፣ ከፍ ባለው ደጋ ደግሞ ኮሶ ይገኛል። ሥራ ፈትቶ የቆመ ዛፍ የለም። ጥዱ ለጣሪያው ማገር ይሆናል፤ ከዋንዛው ከበሮ ይቦረቦራል፤ በወይራው ጭስ የወተት ዕቃና የጠላ ጋን ይታጠናል፤ የኮሶው አበባ ለትል መድኃኒት ነው። የአብነት ተማሪው ጎጆውን የሚቀልሰው በዛፎቹ ሥር ነው፤ ሰንበቴውም በጥላቸው ይበላል፤ ሙታንም በመካከላቸው ያርፋሉ። የወደቀ ግንድ ቢገኝ ለቤተ ክርስቲያኑ ጥገና ወይም ለበዓል ማገዶ ይውላል እንጂ ማንም ወደ ቤቱ ጎትቶ አይወስደውም። የቆመውን የቆረጠ ሰው ደግሞ ግዝት ያገኘዋል።

ብዙ ሰው ደኑን ያቆየው ቅድስናው ነው ብሎ ያልፋል። እውነት ነው፤ ግን ግማሹን ነው። ቅድስና ብቻውን ከብት አይመልስም። ከቅድስናው ጀርባ አጥር የሚያጥር ሰው፣ በር የሚዘጋ ዘበኛ፣ ሥራውን የሚቆጣጠር ገበዝ፣ ይህንን ሁሉ የሚቀልብ የቤተ ክርስቲያን መሬት ነበረ። ደኑ የአንድ አጥቢያ ሰው በየትውልዱ የከፈለው የጉልበት ውጤት ነው፤ ይህ ድካማቸው ስሙ ሊነሣ ይገባዋል።

የጎንደር ዐጸዶች ፈተናም አይተዋል። በ1859 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን ዘርፈው አቃጠሉ። በጥር 1880 ዓ.ም. ደግሞ ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች በሳር ውኃ የጎጃሙን ንጉሥ የተክለ ሃይማኖትን ጦር ድል አድርገው ጎንደር ገቡና አብዛኞቹን አብያተ ክርስቲያናት አነደዱ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች። የጎንደር ሽማግሌዎች እንደሚተርኩት ጠላትን ከቅጽሩ በር የመለሰው የንብ መንጋ ነው። ታሪኩን እንደ ተአምር የሚሰማው ይስማው፤ ንብ ግን ዛፍና አበባ በሌለበት አይከማችም።

ከጦርነቱ ይልቅ በዝግታ የጎዳቸው ሌላ ነገር ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ጭሰኛው ተደሰተ፤ ደስታውም ተገቢ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግን ዘበኛውንና ካህኑን የምትቀልብበት መሬት አጣች። ማረሻው እስከ አጥሩ ደረሰ፤ በዐጸዱና በማሳው መካከል የነበረው ቁጥቋጦ ሳሳ። አንዳንዱ ደብር ገቢ ፍለጋ በቅጽሩ ውስጥ ባሕር ዛፍ ተከለ። በዚህ ካህናቱን መውቀስ ቀላል ነው፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ሲያፈስ የሚሸጥ ነገር ማጣት ግን ቀላል አይደለም።

ያም ሆኖ ደኖቹ አልጠፉም። ተመራማሪዎች ጣሊያኖች በ1930 ዓ.ም. ገደማ ከአውሮፕላን ያነሧቸውን ፎቶግራፎች ከዘመኑ ምስሎች ጋር ሲያስተያዩ፣ በደቡብ ጎንደር ያሉ ዐጸዶች በቦታቸው እንዳሉ አይተዋል። የደን ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ በዚያው በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቷል። በጠቅላላው 500 ሔክታር ገደማ በሆነው መሬት ላይ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ቆጥሯል፤ ከእነዚህ 160ዎቹ አገር በቀል ናቸው። ጥናቱ የገለጠው አሳሳቢ ነገርም አለ። ዘር ይወድቃል፣ ይበቅላል፤ ቡቃያውን ግን ከብት ይረግጠዋል፣ ይግጠዋል። ያረጀው ዛፍ ሲወድቅ ተተኪ አያገኝም።

መፍትሔው የመጣው ከማሳው ነው። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ሊቅ ማርጋሬት ሎውማን ጋር በመሆን ከካህናትና ከገበሬዎች ጋር ተመካከረ፤ በበርካታ ደብሮችም ዙሪያ የድንጋይ ካብ ተካበ። ድንጋዩ ከአጎራባች ማሳዎች የተለቀመ ነው። ማረሻ ይሰብር የነበረው ድንጋይ ከማሳው ሲነሣ ገበሬው የሚያርሰው መሬት ሰፋለት፤ ደኑም አጥር አገኘ። የድሮ የጎንደር ግንበኛ ኖራ ይሻ ነበር፤ ይህ ካብ ግን ማገዶ ሳይነካ በደረቁ የሚካብ ነው።

ጉዳዩ ለገጠሩ ብቻ የሚተው አይደለም። የጎንደር ነዋሪ የሚጠጣው የአንገረብ ግድብ ከተራቆተው ተፋሰስ በሚወርድ ደለል እየሞላ፣ የሚይዘው ውኃ እየቀነሰ ነው። በዐጸዱ ውስጥ ግን ክረምት ሲገባ ዝናቡ መጀመሪያ ቅጠሉን፣ ቀጥሎ የረገፈውን ቅጠል ይመታል፤ አፈሩ ሳይሸረሸር ውኃው ወደ ታች ይሰርጋል። በካቡ ውስጥ፣ ከብት በማይደርስበት፣ ከአሮጌው ወይራ ሥር የአንድ ስንዝር የወይራ ቡቃያ ይታያል።