ቤዙ የት ነው ያለው?

ልደታ፣ በተለምዶ ህንፃ ኮሌጅ በሚባለው ግቢ ውስጥ የጂኤንኤስኤስ ሪሲቨር ተከላችሁ እንበል። ቤዝ ስቴሽናችሁ ይህ ነው። ሌላው ሪሲቨር ሰፈሩን እየዞረ የሚለካው ሁሉ ከእሱ ይነሳል፤ ቤዙ አንድ ሜትር ከሳተ የሁሉም ሰው አጥር አንድ ሜትር ይስታል። ታዲያ ቤዙ ራሱ የት እንዳለ ማን ይነግራችኋል?

ድሮ መልሱ የሚመጣው በእግር ነበር። የኢትዮጵያ ካርታዎች መነሻ አዲንዳን ይባላል፤ በግብጽና በሱዳን ድንበር አካባቢ፣ ናይል ዳር ያለ ነጥብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካኖች ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የአባይን ተፋሰስ ማጥናት ሲጀምሩ፣ ቀያሾች ከተራራ ወደ ተራራ እያነጣጠሩ፣ ሦስት ማዕዘን በሦስት ማዕዘን ላይ እየቀጠሉ ልኬቱን እስከ ደጋው አደረሱት። እስቲ ያንን ሁሉ ዳገት አስቡት!

ዛሬ ሪሲቨሩን ለጥቂት ሰዓታት ሳትነኩት ትተዋላችሁ፤ የመዘገበውን በራይኔክስ ፋይል አድርጋችሁ በኢንተርኔት ትልካላችሁ። የአውስትራሊያው አውስፖስ ቦታቸው በደንብ ከታወቀ ቋሚ ጣቢያዎች ጋር ያነጻጽረዋል። ከእነዚህ አንዷ እዚሁ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ያለችው ናት፤ መለያ ስሟም «አዲስ» ነው። የካናዳው ፒፒፒ ግን ጎረቤት ጣቢያ አይፈልግም፣ የሳተላይቶቹ ትክክለኛ ምህዋርና ሰዓት ይበቃዋል። ሁለቱም በነጻ ነው፤ ስህተታቸውም ሴንቲሜትሮች ብቻ ነው።

ይህን አዲስ ቁጥር ታዲያ በአዲንዳን ከተሠራ አሮጌ ካርታ ጋር እንዳትቀላቅሉት። አዲስ አበባ ላይ ልዩነቱ ከ100 ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱ በሰው ቤት መሀል ሊያልፍ ይችላል። ደግሞም የቆማችሁበት መሬት ራሱ በዓመት 3 ሴንቲሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጓዛል፤ ከኮኦርዲኔቱ ጎን የተለካበትን ቀን ጻፉ።