ከጋፋት እስከ ባሕር ዳር፦ የብረት አቅላጮች ሙያና የዘርፍ ማኅበር ፋይዳ

ማዕድን አቅልጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ በማፍሰስ ዕቃ የማምረት ሙያ በጣና ሐይቅ አካባቢ ረጅም ታሪክ አለው። ሙያው ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዲተላለፍ ግን ከግለሰቦች ጥበብ ባሻገር ባለሙያዎችን የሚያሰባስብ ተቋም እንደሚያስፈልግ የጋፋት ታሪክ ያስረዳል።

ጋፋት ከባሕር ዳር በስተምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ ይገኛል። ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ በዚህ ስፍራ የሰፈሩ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች መድፍ እንዲሠሩ አዘዙ። ከእነዚህም መካከል ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ሞሪትዝ ሆል ይጠቀሳሉ። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ባይሳኩም ሥራው ቀጥሎ፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው “ሴባስቶፖል” የተሰኘው መድፍ ተሠራ። መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ወደ መቅደላ አምባ ተወስዷል። በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይም አምሳያው ቆሟል።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸው ካለፈ በኋላ አውሮፓውያኑ ባለሙያዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሪቱን ለቀው ወጡ። እውቀቱ በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ የነበረ በመሆኑም የጋፋት ምድጃ በዚያው ቀዘቀዘ።

በባሕር ዳር የዘመናዊ ቴክኒክ ሥልጠና መሠረት የተጣለው ከሶቪየት ኅብረት በተገኘ ትብብር እ.ኤ.አ. በ1963 በተቋቋመው ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ነው። ኢንስቲትዩቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል።

የሙያው አሠራር በቀላሉ የሚታይ አይደለም። አስቀድሞ የዕቃው ሞዴል ከእንጨት ይዘጋጃል፤ ሞዴሉ ከሸክላ አፈር ጋር በተቀላቀለ አሸዋ ውስጥ ታትሞ ሲወጣ ክፍተት ይተዋል፤ የቀለጠው ማዕድንም ወደዚሁ ክፍተት ይፈስሳል። ብረት ሲቀዘቅዝ በመቶ አንድ ያህል ስለሚኮማተር ሞዴሉ ከሚፈለገው ዕቃ በዚያው መጠን ከፍ ማለት ይኖርበታል። አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሚቀልጥ ለአነስተኛ ወርክሾፖች የተመቸ ነው። የብረት ውጤቶችን ለማቅለጥ ግን ከ1 ሺህ 100 ዲግሪ በላይ ሙቀት፣ ጥሩ ምድጃና በቂ ነዳጅ ያስፈልጋል።

የማኅበር ፋይዳ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ወርክሾፕ ብቻውን የብረቱን ይዘት የሚለካ መሣሪያ መግዛት ይከብደዋል። ውዳቂ ብረት በጅምላ ለመግዛት፣ ሞዴል ሠሪ ለመቅጠርና የጥራት ደረጃ ለማስጠበቅም አቅሙ ይወሰናል። ወጪው በአባላት መካከል ሲከፋፈል ግን ሸክሙ ይቀላል። በጣና ዳርቻ በፎገራ ሜዳ በሞተር ፓምፕ የሚያለማ አርሶ አደር የፓምፑ ክንፍ ቢሰበርበት፣ መለዋወጫው እስኪመጣ ድረስ ሰብሉ ውኃ ያጣል። የወፍጮ ቤት ባለቤትም ፑሊው ሲሰነጠቅ ሥራ ያቆማል። ክፍሉን በቅርብ የሚያወጣ፣ ጥራቱም የተረጋገጠ ወርክሾፕ ቢኖር ጉዳቱ በእጅጉ ይቀንሳል።

ለዚህ ዓይነቱ አደረጃጀት የሕግ መሠረት የተጣለው በ1995 ዓ.ም. በወጣው የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 341/1995 ነው። አዋጁ በአንድ ዘርፍ የተሰማሩ አምራቾች በማኅበር እንዲደራጁና እስከ አገር አቀፍ ደረጃ ድረስ በሚዘረጋ መዋቅር እንዲወከሉ ያስችላል።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮም ተመሳሳይ ነው። የአሜሪካ ብረት አቅላጮች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1896፣ የእንግሊዝ በ1904፣ የሕንድ ደግሞ በ1950 ተመሥርተዋል። በተለይ የሕንዱ ማኅበር በየአካባቢው ቅርንጫፎች ያሉት በመሆኑ በአነስተኛ ወርክሾፖች ለሚታወቅ አካባቢ ትምህርት ሊሆን ይችላል።

በጋፋት እሳቱ የጠፋው ጥበቡ ስላልነበረ ሳይሆን ጥበቡን የሚረከብ ስላልተደራጀ ነው። በዛሬው የጣና አካባቢ ዩኒቨርሲቲ፣ ወርክሾፕና የሕግ ማዕቀፍ አለ፤ እነዚህን ማስተሳሰር ደግሞ የባለሙያዎቹ የጋራ ሥራ ነው።