የተራራ ብስክሌት በሰሜን ወሎ፦ አፈሩንና የዱር እንስሳቱን ሳይጎዱ እንዴት መጓዝ ይቻላል?

የሰሜን ወሎ ዞን መልክዓ ምድር በአጭር ርቀት ውስጥ በእጅጉ ይለዋወጣል። ከሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ እስከ ዞኑ ዋና ከተማ ወልድያ ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኾን የተራሮቹን ግርጌ ይዞ ይጓዛል። ከወልድያ በስተምዕራብ ደግሞ ዳገቱ ተነሥቶ ወደ ደጋው ይዘልቃል። ከላሊበላ አቅራቢያ የሚገኘው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከፍታ ከ4 ሺህ 200 ሜትር በላይ ነው።

እንዲህ ያለ አቀማመጥ ለተራራ ብስክሌት ምቹ ነው። ስፖርቱ በ1970ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ተጀምሮ በዓለም ተስፋፍቷል። በሀገራችን ተራሮች ግን ጎብኚዎች ይበልጥ የለመዱት የእግር ጉዞን ነው። ስፖርቱ በአካባቢው ከመስፋፋቱ በፊት ሊታወቅ የሚገባው ቁም ነገር አለ። በእነዚህ ተዳፋቶች ላይ ያለው አፈር በአርሶ አደሩ ጉልበት የተያዘ ነው፤ በደጋው ያሉት ብርቅዬ እንስሳትም ቁጥራቸው ጥቂት ነው። ጉዳቱን የሚወስነው ብስክሌቱ ሳይኾን ብስክሌተኛው የሚሄድበት ቦታ፣ ጊዜና አነዳዱ ነው።

እንስሳቱን የሚያስደነግጠው ምንድን ነው?

በአሜሪካ ዩታ ግዛት አንቲሎፕ ደሴት ላይ የተደረገና በ2003 (እ.ኤ.አ) የታተመ ጥናት እንስሳት ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የሚሰጡት ምላሽ እምብዛም እንደማይለያይ አሳይቷል። ትልቁ ልዩነት የታየው መንገድ ይዞ በመሄድና ከመንገድ በመውጣት መካከል ነበር። በጥናቱ ከተካተቱት እንስሳት አንዱ የኾነ የአጋዘን ዝርያ፣ በ100 ሜትር ርቀት ውስጥ ሰው መንገድ ይዞ ሲያልፍ የመሸሽ ዕድሉ 70 በመቶ ነበር። ሰው ከመንገድ ወጥቶ ሲቀርበው ግን ወደ 96 በመቶ ከፍ ብሏል።

ምክንያቱ ለመረዳት አይከብድም። እንስሳት ሰው ዘወትር የሚመላለስበትን መስመር ይለምዱታል፤ ካልጠበቁት አቅጣጫ የሚመጣውን ግን እንደ አዳኝ ይቆጥሩታል። በሸሹ ቁጥር የመኖ ጊዜያቸውንና ጉልበታቸውን ያጣሉ፤ ግልገሎቻቸውንም ጥለው ይሄዳሉ።

ይህ ለሰሜን ወሎ ደጋ ትልቅ ትርጉም አለው። በአቡነ ዮሴፍ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ብቻ የሚኖር፣ በመላ ሀገሪቱ ለአቅመ ልደት የደረሱት ቁጥራቸው ከ500 የማይበልጥ እንስሳ ነው። የሚመገበው በዋናነት አይጦችን ሲኾን የሚያድነውም በቀን ነው። ቡችሎቹ የሚወለዱት በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። ይህ ወቅት ክረምቱ አልፎ መንገዱ የሚደርቅበት፣ ጎብኚም የሚበዛበት ነው። ስለዚህ በእነዚህ ወራት ጉድጓድ ወደሚገኝባቸው ሥፍራዎች አለመቅረብ ለዝርያው ህልውና ወሳኝ ነው።

ውሻ አስከትሎ መሄድም ፈጽሞ አይገባም። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ ይተላለፋል። በባሌ ተራሮች በተደጋጋሚ የተከሰተው ወረርሽኝ በአንዳንድ ሸለቆዎች ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷል።

ጭላዳ ዝንጀሮም የሚኖረው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ሌሊቱን በገደል ላይ ያሳልፋል፤ ጠዋት ወጥቶ ሣር ሲግጥ ውሎ ማታ ወደ ገደሉ ይመለሳል። ብስክሌተኛ በማለዳና በምሽት ከገደል አፋፍ ቢርቅ መንጋው ሳይረበሽ ይወጣል፣ ይገባል።

አፈርና እርከን

በሀብሩም ኾነ በሌሎች የዞኑ ወረዳዎች አርሶ አደሮች በበጋ ወራት በተፋሰስ ልማት ሥራ ይሳተፋሉ። የተራቆቱ ኮረብታዎች በእርከን ተይዘውና ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ ተደርገው እንዲያገግሙ ይደረጋል። የአካባቢው ሰው የራሱን ከብት እንኳ አስሮ እየቀለበ የጠበቀውን ኮረብታ በብስክሌት ሰንጥቆ መውረድ የብዙ ዓመት ልፋትን ማፍረስ ነው።

ቁልቁል ሲወረድ ፍሬን በድንገት ሲያዝ ጎማው ይንሸራተትና አፈሩን ይፍቃል። በእርጥብ መሬት ላይ ደግሞ ጎማው ቀጭን ቦይ ትቶ ያልፋል። ቀጣዩ ዝናብ ያንን ቦይ ተከትሎ ይወርዳል፤ በተዳፋት ላይ ቦዩ እየሰፋ ቦረቦር ሊኾን ይችላል። ስለዚህ ዝናብ በጣለ ማግስት መሬቱ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ፍጥነትን ከቁልቁለቱ አስቀድሞ መቀነስ፣ ጭቃ ሲያጋጥምም መንገዱን ላለማስፋት ወርዶ ብስክሌቱን መግፋት ይገባል።

ጎማ የሚሸከመው አረም

ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣ ብስክሌት ሌላ ስጋትም ይዞ ሊወጣ ይችላል። በሰሜን ወሎ ቆላማና ወይና ደጋ አካባቢዎች አርሶ አደሩን ያስቸገረው ፓርቲኒየም (ቅንጬ አረም) አንዱ ተክል ብቻውን በሺዎች የሚቆጠር ዘር ያፈራል። ዘሩ ደቃቅ በመኾኑ ከጭቃ ጋር በጎማ ላይ ተጣብቆ ረጅም ርቀት ይጓዛል። አረሙ የሰብልና የግጦሽ መሬት ይወርራል፤ በሰው ላይም የቆዳና የመተንፈሻ አካል አለርጂ ያስከትላል። ጉዞ ከመጀመር በፊትም ኾነ ከቆላው ሲወጡ ጎማን፣ ፔዳልንና ጫማን አጥቦ ማጽዳት ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ነገር ግን ብዙ የሚያተርፍ ሥራ ነው።

መንገዱ የማን ነው?

በገጠር የእግር መንገድ ማለት የገበያተኛ፣ የተማሪ፣ የውኃ ቀጂና የጭነት አህያ መንገድ ነው። ብስክሌት ድምፅ ስለሌለው ከኋላ ሲመጣ የተጫነ አህያ ሊደነብርና ወደ ገደል ሊገባ ይችላል። ብስክሌተኛው ከሩቅ ደወል ሊደውል ወይም ድምፁን ሊያሰማ፣ ከዚያም ወርዶ ሊያሳልፍ ይገባል። ሰብል ባለበት ማሳ መካከል ማለፍም የሚታሰብ አይደለም።

ማኅበረሰብ የራሱን ተራራ በራሱ ደንብ ሲጠብቅ ውጤት እንደሚገኝ በክልሉ ማሳያ አለ። የመንዝ ጓሳ ሕዝብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጓሳ ሣሩን «ቄሮ» በተባለ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ በጋራ ሲጠቀምበት ኖሯል። ዛሬም አካባቢው የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ ነው። በሰሜን ወሎ መቄት ደግሞ የአካባቢው ነዋሪዎች ጎብኚዎችን ተቀብለው በማስተናገድና በመምራት ገቢ የሚያገኙበት የእግር ጉዞ አሠራር ተለምዷል። ለብስክሌት ጉዞም ይኸው ልምድ ያገለግላል። ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር የሚጓዝ ሰው የተከለለውንና የተፈቀደውን መስመር ለይቶ ያውቃል፤ ገንዘቡም ተራራውን ለሚጠብቀው ሰው ይደርሳል።

ከጉዞ በፊት

• የአካባቢውን የጸጥታ ኹኔታ ማረጋገጥ፤ ከወረዳና ከቀበሌ ፈቃድ መጠየቅ፤
• ነባሩን መንገድ ብቻ መያዝ፤ አቋራጭ አለመፍጠር፤
• ከንክኪ ነጻ በተደረጉ ተፋሰሶች ውስጥ አለመግባት፤
• በማለዳ፣ በምሽትና በሌሊት በእንስሳት መኖሪያ አለመንዳት፤
• እንስሳ ሲታይ ቆሞ ማሳለፍ፤ አለመከተልና ምግብ አለመስጠት፤
• ቆሻሻን ይዞ መመለስ።

ከመርሳ ሜዳ እስከ ደጋው ጫፍ ያለው መሬት ጠባቂ ያለው መሬት ነው። ይህን አክብሮ የሚያልፍ ብስክሌተኛ ለአካባቢው እንግዳ ይኾናል፤ ተመልሶ ቢመጣም በደስታ ይቀበሉታል።