ኮተን በአክራ

በ1954 ዓ.ም. ጥር 13 ቀን አዲስ አበባ ላይ የሆነውን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የኳስ ወዳጅ አይገኝም። ብሔራዊ ቡድናችን የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ፣ የዛሬዋን ግብፅ፣ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ያ ቀን በየዓመቱ ይነሣል፣ ይወደሳል። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣውን ሌላውን ጥር የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። በ1957 ዓ.ም. ጥር መገባደጃ ላይ የአንድ ፋብሪካ ቡድን፣ የድሬዳዋው ኮተን፣ በመጀመሪያው የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ከመጨረሻዎቹ አራት ክለቦች አንዱ ሆኖ በጋና ዋና ከተማ በአክራ ተገኝቶ ነበር።

ነገሩን ለመረዳት ከከተማይቱ መነሣት ይገባል። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስለከበደው ከግርጌው ሜዳ ላይ ቆመ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ከተማም አብራ ተወለደች። በደቻቱ አሸዋ ወዲህና ወዲያ ከዚራና መጋላ ተመሠረቱ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ የመናዊው፣ ግሪኩ፣ አርመኑ በአንድ ገበያ ተገናኘ። በእንዲህ ያለ ከተማ «አንተ ከየት መጣህ?» የሚለው ጥያቄ እምብዛም አያስኬድም፤ ጠያቂውም ራሱ ከአንድ ቦታ የመጣ ነውና።

ከባቡሩ ቀጥሎ ፋብሪካ መጣ። ጥጡና ሲሚንቶው ለከተማይቱ እንጀራ ብቻ ሳይሆን ማሊያም ሰጧት። የዚያ ዘመን የፋብሪካ ቡድን ከዛሬው ክለብ ይለያል፤ ስሙም ገንዘቡም ሕልውናውም ከድርጅቱ ጋር የተጋመደ ነበር። የድርጅቱ ስም «ኮተን» የቡድኑ መጠሪያ ሆነ። እስከዚያ ድረስ የኢትዮጵያ ሻምፒዮናነት በአብዛኛው በመቻልና በኤርትራ ቡድኖች መካከል የሚመላለስ ክብር ነበር። በ1952 ዓ.ም. ኮተን ወደ ድሬዳዋ አመጣው። በ1954 እና በ1955 ደገመው፤ በ1956 ጎረቤቱ ኢትዮ ሲሚንቶ ወሰደ፤ በ1957 ኮተን እንደገና አስመለሰ። አራት ዓመት ሙሉ ዋንጫው ከድሬዳዋ አልወጣም። አዲስ አበባ መዲና ብትሆንም፣ የኳሱ ዙፋን ግን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በሐዲድ ተጉዞ ምሥራቅ ላይ ተቀምጦ ነበር።

የኮተንን ማሊያ ከለበሱት መካከል ሉቺያኖ ቫሳሎ ይገኝበታል። አሥመራ ላይ ከጣሊያናዊ ወታደርና ከኤርትራዊት እናት የተወለደው ይህ ሰው በ1954ቱ ድል የብሔራዊ ቡድናችን አምበል ነበር። የሁለት ዓለም ልጅ በመሆኑ በሁለቱም ወገን በጥርጣሬ ይታይ እንደነበር በኋላ ዘመን ተርኳል። ለእንዲህ ያለ ሰው ድሬዳዋ ትመቻለች ብል ማጋነን አይመስለኝም፤ ለድብልቅ ሰው ድብልቅ ከተማ ያንሳልን?

አሁን ወደ አክራ እንሂድ። የአፍሪካ አገሮች በተከታታይ ነፃነታቸውን ያገኙበት ጊዜ ነበርና የክለቦቹ ዋንጫ ከጨዋታ በላይ ትርጉም ነበረው። አራቱ ቡድኖች የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ፣ የማሊው ስታድ ማሊያን፣ የጋናው ሪያል ሪፐብሊካንስና የእኛው ኮተን ነበሩ። ሪያል ሪፐብሊካንስ በፕሬዚዳንት ንክሩማ ድጋፍ ከአገሪቱ ክለቦች ምርጥ ተጫዋቾች የተውጣጡበት፣ የመንግሥት ክንድ ያለው ቡድን ነበር። ከእነዚህ መካከል የኢትዮጵያን ስም ይዞ የቆመው የአንድ የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ስታድ ማሊያን 3 ለ 1 አሸነፈው፤ ጥር 30 ቀን ደግሞ ኦሪክስ ስታድ ማሊያንን 2 ለ 1 ረትቶ የመጀመሪያው ሻምፒዮን ሆነ።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ከሂሳብ መዝገብ ጋር የሚውል ሰው አንድ መስመር ምን ያህል ነገር እንደሚሸፍን ያውቃል። «ስታድ ማሊያን 3፣ ኮተን 1» የሚለው መስመር ሽንፈት ብቻ ይነግረናል። ከመስመሩ በስተኋላ ግን በአህጉሩ የመጀመሪያ የክለቦች ውድድር እስከ አራቱ የዘለቀ የክፍለ ሀገር ቡድን አለ።

ታዲያ ለምን ተረሳ? የ1954ቱ ዋንጫ ባለቤት ነበረው፤ መንግሥትም ሕዝብም «የእኔ» አሉት። የኮተን ታሪክ ግን አደራው ያረፈው በፋብሪካው ላይ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካዎች ተወረሱ፤ ከዚያም ስሞች ተለወጡ፣ ክለቦች በአዲስ መልክ ተደራጁ። ድርጅት ባለቤት ሲለውጥ ዕቃው ይቆጠራል፤ ትዝታ ግን በርክክብ ሰነድ ላይ አይሰፍርም። ቫሳሎ ራሱ በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ወጥቶ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ጣሊያን ውስጥ ዐረፈ።

ከተማይቱ ግን ለኳስ የነበራት ስም በአንዴ አልጠፋም። በ1968 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስታዘጋጅ አንደኛው ምድብ የተሰጠው ለድሬዳዋ ነበር። የወቅቱ ሻምፒዮን ዛየር፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳን፣ በመጨረሻም ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ በድሬዳዋ ሜዳ ተጫወቱ።

በ1957 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የሞላው ወጣት ዛሬ በሕይወት ቢኖር ሰማንያን ተሻግሯል። በዚያ ጥር የፋብሪካው ሠራተኛ፣ የቡድኑ ደጋፊ ወይም የባቡሩ ተሳፋሪ የነበረ ሰው በከዚራ ጥላ ሥር ወይም በመጋላ አንድ ጓዳ ተቀምጦ ይሆናል። አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ያለ አባት ወይም አያት ካለህ ዛሬውኑ ጠይቀው፤ ፎቶግራፍ ካለው ከኋላው ስሞቹን ጻፍበት። ውጤቱ ተመዝግቧል፤ የጎደለው የሰዎቹ ታሪክ ነው፤ እርሱን ደግሞ ከእነርሱ በቀር የሚነግረን የለም።