የትራፊክ ካሜራ በአቀስታ ጉም ውስጥ ሰሌዳ ማንበብ ይችላል?

ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የተጓዘ ሰው አቀስታ ላይ ጉም ሲወርድ ከፊቱ ያለው አይሱዙ እንኳ እንደሚጠፋበት ያውቃል። አዲስ አበባ ላይ የትራፊክ ካሜራ እየተለመደ ነው። ነገ እዚህ ቢተከልስ በትክክል ያያል ወይ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራው ፎቶ ብቻ ነው የሚያነሳው፤ የሚያነበው ሶፍትዌሩ ነው። መጀመሪያ መኪናውን ይለያል፣ ቀጥሎ ሰሌዳውን ይፈልጋል፣ ከዚያ ፊደልና ቁጥሩን ያነባል። ይህን የሚማረው መልሳቸው ከተጻፈባቸው ብዙ ሺህ ፎቶዎች ነው። የውጭ አገር መንገድ ብቻ ያየ ሶፍትዌር ባጃጅና ጭድ የጫነ አህያ ግራ ቢያጋቡት አይገርምም።

ሰሌዳችን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በነባሩ ሰሌዳ ላይ አማራ «አማ»፣ አፋር «አፋ»፣ አዲስ አበባ «አአ» ተብሎ ይጻፋል። ኮዱም አለ፦ 1 ታክሲ፣ 2 የግል፣ 3 የንግድ፣ 4 የመንግሥት። የሁለት መኪኖች ቁጥር አንድ ሆኖ ክልላቸው ወይም ኮዳቸው ብቻ ሊለያይ ይችላል። ጭቃ «ማ»ን ከሸፈነና ሶፍትዌሩ «አፋ» ብሎ ከገመተ፣ ቅጣቱ ቤቱ ለተቀመጠ ሰው ይደርሳል ማለት ነው።

ታዲያ እንዴት ይሻሻላል? አንደኛው ፍጥነት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 1/50ኛ ውስጥ 33 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ፎቶው ይደበዝዛል። ካሜራው በ1/1000ኛ ሰከንድ ቢያነሳ ግን 2 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ችግሩ፣ በዚህ ፍጥነት የሚገባው ብርሃን ትንሽ ስለሆነ ማታ ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ መብራት ያስፈልጋል። ወፍራም ጉም ላይ እሱም ብዙ አይረዳም፤ ሾፌር ረጅም መብራት ሲያበራ ነጭ ግድግዳ እንደሚመለስበት ሁሉ ካሜራውም ላይ ይመለስበታል። እዚያ ላይ የሚሻለው አንዱን መኪና ደጋግሞ አንስቶ ንባቦቹን ማነጻጸር፣ ሶፍትዌሩ ሲጠራጠር ደግሞ ለሰው ማሳለፍ ነው። ያለዚህ ቅጣት መላክ ለእኛ ተገቢ አይመስለንም።

የማስተማሪያ ፎቶውም ከዚሁ መንገድ ቢሰበሰብ፣ ከነጉሙ ከነአቧራው። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ካምፓስ አለው፤ ለተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ጥሩ ርዕስ ነው።

ፎቶው ማን ጋ ይቀመጣል ለምትሉ፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለ እናንተ የተያዘን መረጃ የማየትና ስህተት ካለው እንዲታረም የመጠየቅ መብት ይሰጣል።